ትልልቆቹን ብቻ

የእኛ ሀ ሁልጊዜም ሀ ነች፤ አትለወጥም። የፈረንጅ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ አለው፤ ትንሹ ደግሞ ትልቁን አይመስልም፤ ከማን እንደተወለደ እንጃለት! የመካነ ሰላሟ ብዙዬ የምታውቀው ትልልቆቹን ብቻ ነበር።

ያስተማረቻት ልጇ የኔአለም ነች፤ ቤሩት ለሰው ቤት ሥራ ልትሄድ ስትል። ትንንሾቹን ሳይጀምሩ የደሴው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ።

የኔአለም ከቤሩት በስልክ ትጽፍላት ነበር። አሠሪዎቿ የሰጧት ስልክ አማርኛ አያውቅም፤ በፈረንጅ ፊደል፣ እመቤቲቱ ሳታያት፣ እየተጣደፈች፣ ሁሉንም በትንንሹ። ብዙዬ ስልኩ ላይ ታፈጣለች እንጂ አንዱም አይገባትም። ታናሽየው ልጇ ወንድዬ ከትምህርት ሲመለስ ያነብላታል።

«ይህን የሚያህል ጽፋ "ደህና ነኝ" ብቻ? ትዘልብኛለህ አንተ!»

«በሥላሴ እማዬ፣ ይኸው ነው ያለችው!»

«እኔን አታታልል፤ ወልጄሃለሁ!»

ወንድዬ እዚያው ከተማው ባለው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የሚማር፤ የሚመረቅበት ዓመት ነው። ክርክሩ ሰለቸውና አንድ ፕሮግራም ጻፈ። እናቱ ስልክ ላይ የሚገባውን ትንሽ ፊደል ሁሉ ወደ ትልቅ የሚለውጥ ነው።

«በማሽኑ ሆድ ውስጥ ፊደል ሁሉ ቁጥር ነው» አላት። «ከትንሹ ቁጥር ላይ ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ ትልቁ ይወጣል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቀንስ!»

መጀመሪያ ከፊደሉም፣ በቃልና በቃል መካከል ካለው ባዶ ቦታም ቀነሰ። የባዶ ቦታው ቁጥር ራሱ ሠላሳ ሁለት ነበርና ዜሮ ሆነ፤ ለማሽኑ ዜሮ ማለት «አለቀ» ነው። መልእክቱ የመጀመሪያው ቃል ላይ ተቆረጠና «እማዬ» ብሎ ቀረ።

ጎረቤቲቱ አልታየች ሳቋን ለቀቀችው። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ እማዬ ማለት ቻለ! ሌላው ልጅ እኮ ሳይማር ነው የሚለው!»

ወንድዬም ሳቀ፤ ባዶ ቦታውን እንዳይነካ አድርጎ አስተካከለው። ብዙዬ ጣቷን በስልኩ ላይ እያስኬደች፣ ላብ በላብ ሆና፣ ፊደል በፊደል አነበበች።

«እ… ማ… ዬ… በ… ረ… ደ… ኝ።»

እልል አለች። የተጻፈው ምን እንደሆነ የገባት እልልታውን ከጨረሰች በኋላ ነው። ወንድዬ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን አትሰጠውም። «አንተ ፈተናህን አጥና፤ እኔ ራሴ አነባለሁ!»

አንድ ቀን ከሰዓት ስንዴ ስትለቅም ከቤሩት መልእክት ገባ። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ማንበብ ጀመረች። ቆየች። ጨርሳ ስልኩን ጉያዋ ከተተችው።

«ምን አለች እማዬ?» አለ ወንድዬ።

«ደህና ነኝ አለች። ትምህርቱን ይጨርስ አለች።»

ማታ ማታ እራት ሲቀርብ «የኔአለም እንዲህ አለች» እያለች ታነብለታለች። አልታየችም ካለች ታዳምጣለች። አሁንማ ፊደል መቁጠር የለ፣ ማላብ የለ፤ እንደ ዳዊት ታንበለብለዋለች።

«ንባብ እንዲህ ነው!» አለች አልታየች። «አንዴ ከተለመደ ይጋልባል!»

ሰነባብቶ የሙሐመድኑር ስልክ ጮኸ። ሙሐመድኑር ባለ ሱቅ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት የሰፈሩ ቅሬ ዳኛም እሱ ነው። የደወለችው ቤሩት ያለችው ልጁ ኢልሀም ነበረች፤ ታለቅሳለች። የኔአለም ታማ ሞታለች። እዚያው ተቀብራለች። ከሆነ ሰንብቷል፤ እሷም ገና መስማቷ ነው።

ሙሐመድኑር አልታየችን ከሱቁ ጓዳ አስገብቶ ነገራት። ደረቷን መታች።

«ኧረ ጋሼ፣ ውሸት ይሁን! ብዙዬ ትናንት ማታ እንኳ መልእክቷን ስታነብ አልነበር?»

«ከማን የመጣ?»

ተያዩ።

«ወንድዬ!» አለች አልታየች። «ያ ልጅ ሰምቷል። ራሱ እየጻፈ፣ ወደ ትልቁ እየለወጠ ነው የሚልክላት!»

«አላህ ይርዳው። እናቱ እንዳትሞትበት ብሎ ነው።»

«በሬሳ ስም ይጻፋል ታዲያ? ሞኝ አደረጋት እኮ!»

አልታየች አላስችል ቢላት ወንድዬን መንገድ ላይ ያዘችው። «የሠራኸውን እናውቃለን፣ አንተ ልጅ።»

«ጥሩ አይደለም እንዴ እትዬ?» አለ እየሳቀ። «እማዬ እኮ ደስ ብሏታል።»

ልትቆጣው የመጣችው ሴትዮ እንባዋ ቀደማት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች።

መርዶ ወግ አለው፤ በተገኘው ሰዓት አይወረወርም። ቅሬው መከረ፤ የልጁ ምርቃት ይለፍ፣ ለእናቲቱ በማግስቱ ይነገራት ተባለ። ሰፈሩ አፉን ቆለፈ። ከብዙዬ ጋር የሚስቅ ይስቃል፤ ዞር ብሎ ዓይኑን ይጠርጋል።

የምርቃቱ ዕለት ብዙዬ የልጇን ጥቁር ካባ እየዳበሰች ድምጿ እስኪሰነጠቅ እልል አለች። ጨፈረች። ሰው አጨበጨበላት፤ አንገቱን ግን ደፋ።

«ምስኪን» አለች አልታየች በሙሐመድኑር ጆሮ። «ነገ የሚጠብቃትን ብታውቅ!»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቅሬው ነጠላውን አዘቅዝቆ በሯ ላይ ተሰበሰበ። እንዳትወድቅ የሚይዟት ጉልበት ያላቸው ሴቶች ከፊት ቆሙ። ወንድዬንም ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ከእነሱ ጋር እንዲይዛት ሊያደርጉ አስበዋል።

ሙሐመድኑር በሩን ቀስ አድርጎ መታ። ብዙዬ ወዲያው ከፈተች። ደጁን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ አየች። ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው። አልታየች ልትደግፋት እጇን ዘረጋች።

«ቀስ በሉ» አለች ብዙዬ በሹክሹክታ፤ «ወንድዬ ገና አልሰማም።»