የጨጓራው በር

ትውከቱ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ደረቴ ላይ ያርፋል። የአምስት ሳምንት ሕፃን ይህን ያህል አርቆ ይወረውራል ብሎ የሚያምን የለም፤ ማህጁብ ግን ይችልበታል። ጋዋኔን ቁልቁል አያለሁ። ነጭ ወተት ብቻ ነው፤ ቢጫም አረንጓዴም የለበትም። ከጠረጠርኩት በሽታ ጋር ስለሚገጥም ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቴ አፍራለሁ።

«ይሄው እንዲህ ነው፣ ያ ዶክተር» ትላለች እናቱ ዐርዋ። «ይጠባል፣ ሁሉ ይወጣል። ደግሞ ይርበዋል። የባሌ እናት፣ ወተትሽ መጥፎ ነው ይላል።»

ዶክተር አይደለሁም፤ የዚህች የመንጌ ክሊኒክ ጤና መኮንን ዋቅሹማ ነኝ። ሰውን ማረም ከተውኩ ቆየሁ። ልጁ ከስቶ ፊቱ ተሸብሽቧል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። አሶሳ ያለው ቀዶ ሐኪም ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው። አሁን በስልክ ያለኝ አጭር ነው፦ «ሆዱ ውስጥ እብጠቱን በእጅህ ካገኘኸው እቀራለሁ። ካላገኘኸው ግን በግምት በረራ አልሰርዝም።»

ካስመለሰ በኋላ ጨጓራው ባዶ ነው፤ ለመፈለግ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ሆዱን እጫናለሁ፤ ምንም የለም። ጠለቅ አድርጌ እጫናለሁ። ልጁ ይጮኻል፣ ሆዱም ይጠነክርብኛል።

«ምን ትፈልጋለህ?» ትላለች ዐርዋ።

«በር። ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያሳልፍ።»

«በሩን ማን ይከፍታል?»

ይህን ጥያቄ ሰው እንዲጠይቀኝ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ! «ነርቭ ነው» እላለሁ። «ነርቩ ጋዝ ይለቃል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል። ውጭ አምቡላንሱ የሚተፋው ጭስ ውስጥም አለ። ጋዙ ጡንቻው ጋ ሲደርስ ጡንቻው ይላላል፣ በሩ ይከፈታል። ከበሩ ማዶ ያለው ቆሽትም ጭማቂውን የሚያፈሰው ይኸው ጋዝ እየረዳው…»

«ወንድምዓለም፣ ትምህርቱን ለሌላ ቀን!» ትላለች ሲስተር አሰለፈች፣ ግሉኮሱን እያስተካከለች። «ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል።»

ዐርዋ ግን ዓይኗን ከእኔ አትነቅልም። «የሱ ነርቭ ጋዝ የለውም?»

«ሳያንሰው አይቀርም ይላሉ። ጡንቻው መላላት አቅቶት ወፍሯል። ለምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ የለም።»

እጆቿን ታያለች። «እኔ ልፈልግ?»

ልስቅ ይቃጣኛል። ከዚያ ጣቶቿን አያለሁ፤ ጫፋቸው በአሸዋ ብዛት ለስልሷል። ዐርዋ ወርቅ አጣቢ ናት።

«ውሃ ሲደፈርስ ዓይን ምንም አያይም» ትላለች። «በጣት ነው የምንፈልገው።»

«ከእምብርቱ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቀኙ» እላታለሁ።

የጣቶቿን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከር ታደርጋለች። አትጫንም። መስኮቱን እያየች ጣቶቿን ቆዳው ላይ ታዞራለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ታዞራለች። ማህጁብ ዝም ይላል። እኔ የሰለጠንኩት ሰውዬ ቆሜ አያለሁ።

ጣቷ ይቆማል። «እዚህ ናት። ትንሽ ናት። ልክ ቁርቁራ።»

ጣቴን ይዛ እዚያው ታኖረዋለች። «አትጫን» ትለኛለች። መጫኑን እተዋለሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ቁርቁራ ፍሬ ክብና ጠጣር ነገር ከጣቴ ስር ሸርተት ብሎ ይመለሳል። ሆዱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ያለ ማዕበል ይሄድና እዚያው ሲደርስ ይጠፋል። ይህን በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው።

ስልኩን አነሳለሁ። «አገኘችው።»

«ማን?» ይላል ሐኪሙ።

«እናቱ። እኔም ነክቼዋለሁ።»

«አምጡት። አልበርም።»

ዐርዋ ከፊቴ ቆማለች። «ወተቴ አይደለም?»

«ወተትሽ ደህና ነው። በሩ ነው የታመመው።»

ያን ጊዜ ታለቅሳለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ጥፋተኛ ሆና እንደኖረች የሚገባኝ አሁን ነው፤ ይህን ሳልነግራት ስለ ጋዝ ያን ሁሉ ማውራቴ ያናድደኛል።

አሰለፈች ደግፋ አምቡላንሱ ላይ ታወጣታለች። «መንገዱ ክፉ ነው፤ ብረቱን በሁለት እጅሽ ያዢው፣ እህትዓለም!»

ዐርዋ በአንድ እጇ ትይዛለች። ሌላው እጇ ልጁን ካቀፈችበት፣ ከተከናነበችው ቶቧ ስር ነው፤ ያቺ ቁርቁራ ላይ፣ ሳይጫን።