የጎማው ዓሣ

ታቢታ የጎማ ዓሣውን አፍ በከንፈሮቿ መሃል አድርጋ ነፋች። ከሳንባ ምች ስትድን ነርሷ «ትንፋሿ እንዲጠነክር ፊኛ ትንፋ» ብላ ነበር፤ ፊኛ ግን ከአብዮት በዓል ውጪ ከየት ይመጣል? ጎሚስታው አባቷ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የውስጥ ጎማውን፣ ቀዶ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የሚሸጠውን ቆሮሶ ዓሣ የሚመስል በአፍ የሚነፋ ትራስ ሠራላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳል እያቋረጣት የዓሣው ጅራት አልነሣ ብሎ ነበር።

ዛሬ ጅራቱ ቀስ እያለ ተነሣ።

«አባዬ፣ ሞላ!» አለች አፉን በቡሽ ወትፋ።

አባቷ እንደ ልማዱ ጣቱን በምራቁ አርሶ የዓሣውን አፍ ዳሰሰ፤ አረፋ የለም፣ አየር አያፈስም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን የታቢታ ደረት ላይ ለጠፈ። ከታመመች ጀምሮ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይል የነበረው ድምፅ ጠፍቷል።

«አባዬ ደግሞ! ዓሣው እኮ እዚህ ነው» ብላ ሳቀች፤ ሳታስል ሳቀች።

«አውቃለሁ» አለ፣ ጆሮውን ሳያነሣ። «ጌታ ይመስገን፣ አውቃለሁ።»