በልብ የሚያዝ ዝላይ

«አሁን የት ትገባለህ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርከቦቿን በወንድሟ ትልቅ መርከብ ዙሪያ እየደረደረች።

የጠፈር ውጊያ ጨዋታውን የፈጠረው ሰዓት ሠሪው ወንድሟ ነው። ሰሌዳውን እሱ ቀለም ቀባው፤ መርከብ የሆኑትን የኮት ቁልፎች እሷ ሰጠችው። አንድ ሕግ ግን ወራት ፈጅቶበታል፦ ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ሲዘል ጠላት ምን ያያል? መርከቡ ሄዷል፤ ብርሃኑ ግን ገና ስላልደረሰ የሚታየው የድሮ ቦታው ላይ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ከሰሌዳው አይነሳም። ዘላዩ መድረሻውን በልቡ ይይዝና ሲተኮስበት ብቻ ይናገራል።

ጓደኞቹ «በካርድ ይጻፍ እንጂ፤ ሰው እኮ ያጭበረብራል» ቢሉት፣ «የልብን የሚያይ አለ» ብሎ አፋቸውን አስይዟል። ዛሬ ሕጉ የሚፈተንበት ቀን ነው። ቅድም እህቱ በዚሁ ሕግ ዘላ ሁለት መርከብ ማርካበታለች።

«ተኮስኩ!» አለች።

አልዘለለም ነበር። መዝለል ትዝም አላለው። አፉ ግን ቀደመው።

«ባዶ ነው የመታሽው፣ እትዬ። እኔ ድሮ ሄጃለሁ።» መርከቡን አንስቶ ከጀርባዋ አኖረው።

እህቱ አፏን ከፍታ አየችው፤ ከዚያ ጭኗን መትታ ሳቀች። «አንተ መሰሪ! ከአፍንጫዬ ሥር! እሰይ፣ ሕግህ ሠራልህ። ስሰጋልህ ነበር እኮ።»

ጆሮው ድረስ ጋለ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«እትዬ…» አለ። ሊናገር ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ካርድ ሳያስፈልገው አይቀርም። ዘላዩ አስቀድሞ ቢጽፍ።»

ሳቋ ቆመ። «ምነው?»

«እንዲያው… ሰው አይታመንም።»

«የቅድሙን ነው?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ እኮ የምሬን ነው የዘለልኩት። ተራዬ ሳይደርስ ነበር ያሰብኩት፤ እግዜር ያውቃል።»

«አንቺን አላልኩም።»

«ታዲያ ሌላ ማን ተጫወተ?»

እሱ የገዛ መርከቡን ቁልፍ በጣቱ ያዞር ጀመር።

«ግድ የለም» አለች። ቅድም የዘለለችበትን መርከቧን ከደረሰበት አንስታ ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው። ከዚያ የማረከቻቸውን ሁለት ቁልፎች በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ፊቱ ደረደረችለት።