ሪባን ሲጠብቅ የከረመው ሙቅ አልጋ

«ዶክተር… አንዱን ብቻ ልክፈተው?»

የምትደውለው አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ዙሀይራ ናት። ከሳነቴ ተራራ ማዶ፣ ከአንገቱ ከተማ ወዲያ ጫካ ውስጥ ካለች ትንሽ ጤና ጣቢያ።

ዶክተር አቤሴሎም ሮቤ ከተማ ማተሚያ ቤት ቆሟል። የምረቃውን ባነር እያየ «ስሜ አንሷል፣ አጉሉት» እያለ ይጨቃጨቃል።

«የምን መክፈት?»

«አልጋዎቹን ነዋ… ሰባት ወሯ ላይ የተወለደች ሕፃን አለችኝ። ሰውነቷ እየቀዘቀዘብኝ ነው። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም።»

አልጋዎቹ የእሱ ናቸው። የስድስት ዓመት ላቡ።

አቤሴሎም የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የተመራመረው በሙቀት ሽግግር ላይ ነው። ፍራሹ ውስጥ ሰም አለ። የፈላ ውሃ ሲያገኘው ይቀልጣል… ከዚያ ቀስ እያለ ሲረጋ፣ የያዘውን ሙቀት ለሕፃኑ ይመልስለታል። ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ ያለ መብራት!

«የከተማ ልጅ ማሞቂያ ውስጥ ተኝቶ፣ የጫካ ልጅ በብርድ መሞት የለበትም» ይላል በየመድረኩ። አንድ ጊዜ እንደውም እንባው መጥቷል። የውሸት እንባ አልነበረም።

አሥሩ አልጋዎች ጤና ጣቢያው መጋዘን ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ግን… አልተመረቁም!

እኛ እኮ ሶፋ ገዝተን ከነፕላስቲኩ አሥር ዓመት የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ቧንቧ ተዘርግቶ እንኳ ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን እስኪቆርጥ ውሃው አይቀዳም።

«ሲስተር፣ እንግዶቹ ሐሙስ ናቸው። አራት ቀን ነው የቀረው። ፕላስቲኩ ከተነሳ ያገለገለ ዕቃ ይመስላል።»

«መልሼ አሽገዋለሁ ዶክተር… በአላህ ይዤዎታለሁ…»

«አይሆንም አልኩሽ! እስከ ዛሬ እንደምታደርጉት አድርጊ። ወደ ጎባ ሆስፒታል ላኪያት።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ባነሩ ተመለሰ።

እስከ ዛሬ እንደምታደርጉት… ልብ በሉልኝ! ሰውዬው ስድስት ዓመት የለፋው፣ እስከ ዛሬ የሚደረገው ነገር ሕፃናትን ስለጨረሰ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ።

አቤሴሎም አዲስ ሱፉን ለብሶ በጠዋቱ ከች አለ። አንዱ አልጋ ለማሳያ ተከፍቶ፣ የፈላ ውሃ ተደርጎበት ሞቋል። ለካሜራ ሲሆን መክፈት ይቻላል ለካ!

የቀረው ፎቶ ላይ የሚተኛ ሕፃን ነው። ለዚህም አስቦበታል። ያቺን ያለቀኗ የተወለደች ልጅ ከእነቤተሰቧ እንዲያመጡለት ለቀበሌው መልእክት ልኳል። «ቢያንስ ፎቶውን እሷ ትነሳ» ብሎ… እንደ ካሳ መሆኑ ነው።

የሕፃኗ አባት ጉቱ መጣ። የጫካ ቡና ለቃሚ ነው። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። ብቻውን ነው።

«እንኳን ደህና መጣህ! ልጅቷስ? እናቷ ይዛት እየመጣች ነው?»

ጉቱ ዙሀይራን አያት። ዙሀይራ መሬት መሬቱን አየች።

«አልነገሩዎትም እንዴ ዶክተር?» አለ ጉቱ። «ሳነቴ ተራራ ላይ አረፈች እኮ። እናቷ ደረቷ ላይ ለጥፋት… እኔ ጃኬቴን ደርቤባት… ብርዱ በለጠን። ጎባ የገባነው ሬሳ ይዘን ነው።»

አቤሴሎም ከአልጋው ፈቀቅ አለ።

ጉቱ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። ሸካራ መዳፉን ፍራሹ ላይ አሳረፈ… ቶሎም አላነሳውም።

«ይሞቃል» አለ። «ይሄ ነገር መቼ ነው የመጣው?»

ዙሀይራ ቀና ብላ አቤሴሎምን አየችው። ከውጭ የእንግዶቹ መኪኖች ድምፅ ይሰማል።

«ዛሬ ጠዋት» አለ አቤሴሎም።

ዛሬ ጠዋት!

ጉቱ ጎንበስ ብሎ የዶክተሩን እጅ ሳመ።

«የእኔዋ ዕድሏ ነው፤ አራት ቀን ቀደመች። ለሌላው ሰው ልጅ ግን ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ዶክተር… ረቢ ዕድሜ ይስጥዎ። እርስዎን የወለደች እናት ትባረክ።»

ሪባኑ ተቆረጠ። ከጎረቤት የተለመነ የሦስት ወር ድንቡሼ ልጅ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ላብ በላብ እስኪሆን ፎቶ ተነሳ። ፎቶውን ብታዩት እናንተም ላይክ ታደርጉት ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቤሴሎም ሱፉን አውልቆ የዘጠኙን አልጋ ፕላስቲክ በገዛ እጁ ቦጫጨቀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ዙሀይራም ብትሆን እንቅልፍ የላትም። ያን ቀን የመጋዘኑ ቁልፍ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነበር። ታዘዘች… ታዘዘችና ሕፃኗን ሸኘች።

ጉቱ ግን እስካሁን ምንም አያውቅም። ማር በቆረጠ ቁጥር አንድ ጣሳ ይዞ ይመጣል። «ለዚያ ደግ ዶክተር አድርሽልኝ» ይላታል።

ወገኖቼ… ድሃ ከሀብታም እኩል ይታከም ብሎ መመራመር ትልቅ ነገር ነው። ግን ለድሃ የሠራነውን ድሃው ሲፈልገው ከቆለፍንበት፣ የሠራነው ለራሳችን ስም ነው። ጭብጨባ ሕፃን አያሞቅም።

አሁን እናንተ ፍረዱ…

ዙሀይራ እውነቱን ለጉቱ ትንገረው ወይስ እየመረቀ ይኑር? ቁልፉ በእናንተ ኪስ ቢሆንስ ኖሮ፣ ያን ቀን ምን ታደርጉ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ።