የኢዮስያስ ዕድሜ

ፌቨን የሦስተኛ ዓመት ተማሪና የመግቢያ ባዮሎጂ ረዳት አስተማሪ ናት። በቤተ ሙከራው ከተማሪዋ ከኢዮስያስ ጉንጭ የተፋቀውን ሴል ዕድሜ የሚተነብየው መሣሪያ ውስጥ አስገባች። ዕድሜው ከአርባ እንደማያልፍ መሣሪያው የሚናገርለት ተማሪ በማግስቱ ከዩኒቨርሲቲው ይሰናበታል። አምና የገዛ ወንድሟ እንዲህ ተሰናብቶ ቤት ሲመለስ፣ እናታቸው ልብሱንና ጫማውን ለዘመድ ማደል ጀመረች። እሱ ቁጭ ብሎ ያያት ነበር።

ስክሪኑ ላይ ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር ወጣ።

ፌቨን ዙሪያዋን ቃኘች። ቁጥሩን ሳትልክ አጠፋችው፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ የራሷን ጉንጭ ፋቀችና በእሱ ሴል ፋንታ አስገባች። መምህሩ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«ምነው ዘገየሽ?»

«የናሙናው መስታወት ቆሽሾብኝ ነው፣ ዶክተር።»

መሣሪያው ጮኸ፤ ሰባ አራት። መምህሩ ቁጥሩን አይተው አለፉ።

የኢዮስያስ ፊት በራ። «ሰባ አራት! ተመስገን! እኔና ሜሮን በዚህ ዓመት ልንጋባ ነበር፤ እንዲህ ከሆነማ ምን ያስቸኩለናል? ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ይደርሳል።»

«ተው!» አለች ፌቨን ሳታስበው። ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዘንድሮ አግባት።»