ባልዲ ረገጠች

ሁለት ክረምት ሳይዘንብ አለፈ፤ ምንጩ ደረቀ። አሁን ውኃ የሚገኘው በቅርቡ መንደሩ ውስጥ ከተተከለው ማሽን ብቻ ነው። አንድ አስቂኝ የእንግሊዝኛ አባባል ለሚማር አንድ ባልዲ ውኃ ይሰጣል፤ በምትኩ ከአእምሮው አንድ የአማርኛ አባባል ይወስዳል። የትኛው እንደሄደ የሚታወቀው ሲፈለግ ነው።

አያ ሙላው ዛሬ ያገኘውን ባልዲ ውኃ ተሸክሞ ጎረቤቱ ተድላ ቤት ገባ። የሙላው ልጅ ሲሞት ተድላ ለቅሶ ደርሶለታል፤ እሱ ግን የተድላ ሚስት ዘርፌ ማሽኑ ሳይመጣ በውኃ ጥም ስትሞት ባዶ እጁን መሄድ አፍሮ ቀረ።

«ዓመት ሙሉ የት ጠፋህ? ጅብ የበላህ መስሎኝ ነበር» አለው ተድላ።

ሙላው ለሟች የሚባለውን ሊል አፉን ከፈተ፤ ጠፋበት። የመጣለት ዛሬ የተማረው ብቻ ነበር።

«ዘርፌ... ኪክድ ዘ በኬት።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሞተች ማለት ነው። ባልዲ ረገጠች ይላሉ።»

ተድላ ባልዲውን አየና ሳቀ። «ባልዲ ብታገኝማ መች ትሞት ነበር!»

ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሙላውም አብሮት አለቀሰ፤ የከረመውን የለቅሶ ብድር መለሰ።