መሀል ላይ ያለችው

ሥራችን ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣውን ብርሃን እየለካን የጠፈርን ካርታ መሥራት ነው። ጋላክሲዎቹ እንደ ሸረሪት ድር ተያይዘው ይታያሉ፤ በድሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ከጨለማ በቀር ምንም የለም። ፕሮግራማችን አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ነገር እንዳለ ለመፈተን፣ የሌሉ ጋላክሲዎችን ፈጥሬ የካርታው ጨለማ ላይ እበትናለሁ። ሲያገኛቸው እሰርዛቸዋለሁ።

ሰሞኑን መሰረዙን ረሳሁት። ትናንት ከቴሌስኮፑ አዲስ ምስል ሲመጣ፣ በእጄ የበተንኳቸው ሁሉ በየቦታቸው ያበራሉ። ብርሃናቸው መንገድ የጀመረው ምድር ሳትፈጠር ነው።

«እትዬ፣ አጉል አትጨነቂ፤ ሰርዢያቸውና እንረፍ» አለኝ ባልደረባዬ። እጁ ከአሳቡ ስለሚቀድም ችኩሉ እንለዋለን።

ሰረዝኳቸው። ዛሬ ጠዋት በመጣው ምስል ላይ ቦታቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ አንዳቸውም የሉም።

ከምሳ ስመለስ ችኩሉ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጧል።

«አንዷን ረስተሻት ነበር፤ እኔ ሰረዝኩልሽ» አለኝ።

«የትኛዋን?»

«መሀል ላይ ብቻዋን የነበረችውን።»

መሀል ላይ ያለችው የራሳችን ጋላክሲ ናት። ርቀቱን ሁሉ የምንለካው ከእሷ ተነሥተን ስለሆነ፣ ካርታው ላይ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ።

ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ዓይኑን እያሸ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዳመነ እንዴ?» አለና መብራት ሊያበራ ተነሣ።

ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም።